የጃኩዚው ብሬከር እየወደቀ ካስቸገራችሁ፣ መጀመሪያ መቼ እንደሚወድቅ ያዙ

ብሬከሩ ወደቀ። አነሳችሁት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ወደቀ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ብሬከሩን ይረግምና ከፍ ባለ አምፔር ሊያስቀይረው ይነሳል፣ ወይ ደግሞ ሲያነሳ ሲወድቅበት ያመሻል። ሁለቱም አያዋጣም። አብዛኛውን ጊዜ ብሬከሩ ጤነኛ ነው፤ የታመመው እሱ የሚጠብቀው ነገር ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ ብሬከሩ በየትኛዋ ሰዓት እንደሚወድቅ በደንብ ከተከታተላችሁ ገና ካቻቢቴ ሳታነሱ ግማሹን መንገድ ጨርሳችሁታል።

ከሁሉም በፊት ግን፣ ብሬከር እየጣለ ያለ ጃኩዚ ውስጥ አይገባም። «አሁን እኮ ቆሟል፣ ቶሎ ገብተን እንውጣ» የሚባል ነገር የለም። ውሃ፣ እርቃን ገላና የሚያፈስ ኤሌክትሪክ አንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚከተል መናገር አያስፈልግም። ችግሩ እስኪታወቅ ክዳኑን ዝጉት፣ ልጆችንም አርቁ።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ብሬከር የሚጥለው በሦስት ምክንያት ነው። አንዱ ጭነት ነው፤ መስመሩ ከሚችለው በላይ ሲጎተትበት ውስጡ ያለው ቀጭን ብረት ቀስ እያለ ይግልና ይጣመማል፣ ከዚያ ያቋርጣል። ይሄ ደቂቃዎች ይፈጃል። ሁለተኛው ኮንታክት ነው፤ ሁለት መገናኘት የሌለባቸው ሽቦዎች ሲነካኩ ከፍተኛ ጉልበት በአንድ ጊዜ ያልፋል፣ ብሬከሩም ዓይን ሳይረግብ ይቆርጣል። ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ነው፣ የጃኩዚ ችግርም ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው ያለው።

ፍሳሽን የሚቆጣጠረው ተራው ብሬከር አይደለም። ብዙ አገር አርሲዲ፣ ሰሜን አሜሪካ ደግሞ ጂኤፍሲአይ የሚባለው ዓይነት ነው። ላዩ ላይ «ቴስት» የሚል ትንሽ ቁልፍ አለው። ሥራው ሒሳብ ማስታረቅ ነው፤ በአንዱ ሽቦ የሄደው ኤሌክትሪክ በሌላው በኩል ሙሉ በሙሉ መመለሱን ያያል። ከጎደለ የጎደለው የሆነ ቦታ ወደ መሬት፣ ወደ ውሃ ወይም ወደ ሰው እየሄደ ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ ይቆርጣል። አርሲዲ ለሰው ደህንነት ሲባል የሚገጠመው 30 ሚሊ አምፔር ላይ ነው፣ የአሜሪካው ጂኤፍሲአይ ደግሞ 5 ሚሊ አምፔር አካባቢ።

ይሄ ቁጥር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለማየት፣ 3 ኪሎዋት የሆነ ማሞቂያ በ230 ቮልት 13 አምፔር ያህል ይጎትታል። 30 ሚሊ አምፔር ከዚያ ውስጥ ከአራት መቶ አንድ እጅ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ጃኩዚው ውሃውን እያሞቀ፣ ፓምፑ እየዞረ፣ መብራቱ እየበራ፣ ምንም የጎደለው ሳይመስል ብሬከሩ ሊወድቅ ይችላል። «ደህና እየሰራ ነበር እኮ!» የሚለው ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው። አዎ፣ እየሰራ ነበር። እያፈሰሰም ነበር።

አርሲዲውና ተራው ብሬከር ለየብቻ የተገጠሙ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ የወደቀው የትኛው እንደሆነ ማየት ብቻ ይበቃል። አርሲዲው ከሆነ ፍሳሽ ፈልጉ። ተራው ከሆነ ጭነት ወይም ኮንታክት። ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ የያዘ ብሬከር ከሆነ ግን የምንደገፈው ሰዓቱ ላይ ነው።

ስታነሱትም በአግባቡ አንሱት። የወደቀ ብሬከር መሃል ላይ ሊቆም ይችላል። ከመሃል በቀጥታ ወደ ላይ ብትገፉት አይይዝም፤ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ወደ ማጥፊያው ጫኑት፣ ከዚያ ወደ ላይ። «ብሬከሩ ሞቷል፣ አልነሳ አለ» የሚባልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ችግሩ ግን አነሳሱ ላይ ነበር። ለመከታተል ያህል አንዴ፣ ግፋ ቢል ሁለቴ አንሱት፣ ከዚያ በላይ አትሞክሩ። ኮንታክት ካለ እያንዳንዱ ማንሳት ሽቦውንም ብሬከሩንም ትንሽ ትንሽ ያቃጥላል።

መቼ ወደቀ?

ጃኩዚ ሲበራ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ አይነሳም። ሁሉንም የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ በተራ ነው የሚቀሰቅሳቸው። በአብዛኛው መጀመሪያ ፓምፑ ይነሳል፣ ውሃው መዞሩ ይረጋገጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው ማሞቂያው የሚገባው። ስለዚህ ብሬከሩን አንድ ሰው ያንሳ፣ ሌላው ከጃኩዚው አጠገብ ሆኖ ሳይነካ ያዳምጥ። ፓምፑ እምምም ብሎ ተነሳ፣ ትንሽ ቆየ፣ ከሳጥኑ ውስጥ ቀጭ የሚል ትንሽ ድምፅ ተሰማ፣ ወዲያው ሁሉም ጠፋ። ያቺ ቀጭ ያለችው ማሞቂያውን የምታበራው ሪሌ ናት። ይሄን ከሰማችሁ ማሞቂያውን መጠርጠር ትችላላችሁ።

ምንም ድምፅ ሳይሰማ፣ ገና ስታነሱት ከወደቀ ግን ወይ ኮንታክት አለ፣ ወይ ሁልጊዜ መስመር ላይ ያለ ነገር እያፈሰሰ ነው፣ ወይም የሽቦ አገጣጠም ስህተት ነው። አዲስ የተገጠመ ጃኩዚ ከሆነ መጀመሪያ ሽቦውን ነው የምጠረጥረው። በጣም የተለመደው ስህተት ኒውትራሉ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ ላይ ነው። የሰሜን አሜሪካው ጂኤፍሲአይ ብሬከር ራሱ ነጭ ጭራ ሽቦ አለው፤ እሱ የሚታሰረው ከሳጥኑ የኒውትራል ባር ጋር ነው። ከጃኩዚው የሚመጣው ኒውትራል ደግሞ የሚገባው ብሬከሩ ላይ ነው። ኤሌክትሪሽያኑ በልማድ የጃኩዚውንም ባሩ ላይ ካሰረው ብሬከሩ የተመለሰውን ማየት አይችልም፣ ሁሉም የጠፋ ይመስለዋል፣ ይጥላል። በአርሲዲም ቢሆን ያው ነው፤ ኒውትራሉ ከሌላ መስመር ኒውትራል ጋር ከተደባለቀ ወይም ከአርሲዲው በኋላ የሆነ ቦታ ከኧርዝ (ከመሬት ሽቦው) ጋር ከተነካካ ዕቃው ምንም ሳይሆን ይጥላል።

የጀቱን (ውሃውን በኃይል የሚረጨውን) ቁልፍ ስትጫኑ፣ ፓምፑ ወደ ከፍተኛ ፍጥነት ሲገባ ከወደቀ ፓምፑ ነው፣ ወይም ጭነት ነው። ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ቆይቶ፣ ያውም ሁሉም ነገር አብሮ ሲሠራ ከሆነ ጭነት ወይም የላላ እስር። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ማንም ሳይነካው ከሆነ ውሃውን ለማጣራት በራሱ የሚነሳበትን ሰዓት እዩ፤ ከፓምፑ ጋር አብሮ የሚነሳው፣ ውሃውን የሚያጸዳው ኦዞን ማመንጫ ሊሆን ይችላል። ዝናብ በዘነበ ማግስት ብቻ ከሆነ ደግሞ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ ውሃ የሆነ ቦታ ገብቷል። ሽቦው የሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ፣ መገናኛ ሳጥን ውስጥ ወይም በማጥፊያው ሳጥን ላይ ባለ ቀዳዳ።

ማሞቂያው

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ስለሆነ እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ።

ማሞቂያው ውስጥ ያለው ሬዚስታንስ ሲታይ ተራ የታጠፈ የብረት ዘንግ ይመስላል። ውስጡ ግን ሌላ ነው። መሃሉ ላይ የሚግል ቀጭን ሽቦ አለ፤ በሽቦውና በውጭው የብረት ሽፋን መካከል ማግኒዥየም ኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ታምቆ ተሞልቷል። ዱቄቱ ሙቀትን ያሳልፋል፣ ኤሌክትሪክን ግን አያሳልፍም። ደረቅ እስከሆነ ድረስ ማለት ነው። የውጭው ብረት በመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ካወጣች ውሃ ወደ ዱቄቱ ይገባል፣ ዱቄቱ ይርሳል፣ ከዚያ ኤሌክትሪኩ ከሽቦው ወደ ብረቱ፣ ከብረቱ ወደ ውሃውና ወደ ኧርዝ መንገድ ያገኛል። ሬዚስታንሱ አልተቃጠለም፣ አሁንም ይሞቃል፣ ብሬከሩ ግን ይጥላል።

ቀዳዳዋን የሚያመጣው ምንድን ነው? በአብዛኛው የውሃው ኬሚካል ነው። ፒኤቹ ዝቅ ብሎ አሲድ የሆነ ውሃና የበዛ ክሎሪን ብረቱን ይበላል፤ ፒኤቹ ከ7.2 እስከ 7.8 መካከል መቆየት አለበት። ከፍ ሲል ደግሞ በተቃራኒው ኖራ ይጋገርበታል። የጋገረው ኖራ ሙቀቱ ወደ ውሃው እንዳይወጣ ያፍናል፣ ብረቱ ከልክ በላይ ይግላል፣ ይሰነጠቃል። ውሃ ሳይኖር ማብራት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ውሃ ቀይራችሁ ከሞላችሁ በኋላ ችግሩ ከጀመረ ይሄን አስቡ፤ ገንዳው ሳይሞላ ተበርቶ ሊሆን ይችላል።

የተበላሸ ሬዚስታንስ አውጥታችሁ ብታዩ ብዙ ጊዜ ይታወቃል። ሌላው አካሉ ወጥ ግራጫ ሆኖ አንድ ቦታ ላይ ጥቁር ነጥብ ወይም እንደ ብጉር ያበጠ ነገር ታያላችሁ፤ ዙሪያው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝቃጭ ተጋግሯል። አንዳንዴ ግን ምንም አይታይም። ስለዚህ ዓይንን ብቻ ማመን አይቻልም።

ምንም ሳትከፍቱ የምትሞክሩት ነገር አለ። የሙቀት መጠኑን ከውሃው ሙቀት በታች አውርዱት። ውሃው 35 ዲግሪ ከሆነ 27 ላይ አድርጉት። ማሞቂያው የሚነሳበት ምክንያት አይኖርም። ከዚያ ፓምፑ ብቻውን እየሠራ ብሬከሩ ለሰዓታት ካልወደቀ፣ ሙቀቱን መልሳችሁ ስትጨምሩት ወዲያው ከወደቀ፣ ነገሩ አለቀ፤ ማሞቂያው ነው። ማሞቂያው ጠፍቶም ከወደቀ ግን ነፃ ነው ብላችሁ አትልቀቁት። አንዳንድ ቦርዶች ማሞቂያውን ሲያጠፉ የሚቆርጡት አንዱን ሽቦ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው በር ክፍት እንደሆነ ይቀራል፣ በዚያ በኩልም ሊያፈስ ይችላል።

ቀጣዩ ሥራ ሳጥን መክፈት ነው። እዚህ ጋ የኤሌክትሪክ ሥራ የማያውቅ ሰው ቢያቆም ይሻላል፤ ይሄን ለወግ ያህል አይደለም የምለው። የሚያውቅ ሰው ደግሞ መስመሩን ከዋናው ያጥፋ፣ ሌላ ሰው እንዳያበራው ይቆልፍ፣ በቴስተር እያንዳንዱን ሽቦ ከሌላውና ከኧርዝ ጋር ለክቶ ምንም እንደሌለ ያረጋግጥ። ከዚያ የማሞቂያው ሁለቱም ሽቦዎች ከቦርዱ ይነቀላሉ። አንዱን ብቻ መንቀል ዋጋ የለውም፤ ፍሳሹ በቀረው በኩል ይቀጥላል። ጫፋቸው ይሸፈናል፣ ክዳኑ ይዘጋል፣ መብራቱ ይመለሳል። ብሬከሩ ካልወደቀ ጥፋተኛው ተገኘ።

በቴስተር መለካትም ይቻላል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለካ በ230 ቮልት የሚሠራ የ3 ኪሎዋት ሬዚስታንስ 17 ወይም 18 ኦም አካባቢ ያሳያል። በ240 ቮልት የሚሠራው የ5.5 ኪሎዋት ደግሞ 10 ኦም ገደማ። ይሄ ልክ ነው ማለት ግን ሬዚስታንሱ ደህና ነው ማለት አይደለም! ሽቦው አለመበጠሱን ብቻ ነው የሚናገረው። ዋናው ልኬት ከጫፉ እስከ ብረቱ ያለው ነው፤ እሱ ፈጽሞ ምንም ማንበብ የለበትም። በሺዎች የሚቆጠር ኦም ካሳየ ያፈሳል። አስቡት፣ በ230 ቮልት 30 ሚሊ አምፔር ለማፍሰስ 7,700 ኦም አካባቢ ይበቃል።

ሆኖም ተራ ቴስተር በባትሪው ጥቂት ቮልት ነው የሚለካው። በዚያ ደህና መስሎ በሙሉ ቮልቴጅ የሚያፈስ ሬዚስታንስ አለ። ባለሙያ ሲመጣ 500 ቮልት የሚሰጠውን ሜገር (ፍሳሽን በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚለካ መሣሪያ) ይዞ እንዲመጣ ንገሩት፤ ከ1 ሜጋኦም በታች ካነበበ መጠርጠር ነው። በሜገር ሲለካ ቦርዱ መነቀል አለበት፣ አለዚያ አንዱን ችግር ሲፈልጉ ሌላ ይፈጠራል።

ማሞቂያው ነፃ ከወጣ

የቀሩት ሁሉ የሚፈተሹት በዚያው መንገድ ነው፤ አጥፉ፣ አንዱን ንቀሉ፣ አብሩ፣ እዩ። ከወደቀ የነቀላችሁት አይደለም። ሌላውን ንቀሉ። አሰልቺ ነው፣ ግን በመገመት ዕቃ ከመግዛት ይሻላል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትንቀሉ፣ ኋላ የትኛው እንደነበር አታውቁም።

ፓምፑ ላይ መጀመሪያ የማየው ሥሩን ነው። ውሃ የሚገፋው ክፍልና ሞተሩ በሚገናኙበት ቦታ ዘንጉን የሚያሽግ ጎሚኒ አለ። ሲያልቅ ጠብ ጠብ ይላል። የሚንጠባጠበው ጥቂት ስለሆነ ወለሉ ላይ ውሃ ላታዩ ትችላላችሁ፤ ከሞተሩ በታች ግን የደረቀ ነጭ መስመር ይቀራል፣ የፓምፑ ብሎኖችም ዝገዋል። ያ ውሃ በዘንጉ በኩል ወደ ሞተሩ ይገባል። በሌላ በኩል ፓምፑ ሲነሳ እየጮኸ፣ እየፈጨ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። ሳይዞር እያቃሰተ ብቻ ብሬከሩን ከጣለ ደግሞ ወይ ተጣብቋል፣ ወይ ሞተሩን ለማስነሳት የሚያግዘው ካፓሲተር ሞቷል። ካፓሲተር መብራት ከጠፋ በኋላም ጉልበት ይዞ ስለሚቆይ በባዶ እጅ አይነካም።

ኦዞን ማመንጫው ትንሽ ናት፣ ማንም አይጠረጥራትም፣ ግን ብዙ ታታልላለች። ከእሷ ወደ ውሃው የምትሄድ ቀጭን ቱቦ አለች፤ መሃል ላይ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ አለ። ቫልቩ ሲበላሽ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ከፍተኛ ቮልቴጅ ወዳለበት ሳጥን ይገባል። ቱቦዋን እዩ፤ ከቫልቩ ወዲህ ውስጧ ጠብታ ካለ ተገኘ። አየር የሚነፋው ብሎወርም በዚሁ መንገድ ነው የሚርሰው። ጃኩዚው ያለ ኦዞን ማመንጫና ያለ ብሎወር ለጊዜው መሥራት ስለሚችል ነቅሎ መሞከሩ ቀላል ነው።

አንዳንዴ ደግሞ አንድም የተበላሸ ነገር አይገኝም። እያንዳንዱ ዕቃ ትንሽ ትንሽ ያፈሳል፣ ለብቻው ሲታይ ከገደቡ በታች ነው፣ ሲደመር ግን ያልፋል። በተለይ ጃኩዚው የግሉ አርሲዲ ሳይኖረው ከግቢ መብራትና ከሌሎች ሶኬቶች ጋር የሚጋራ ከሆነ። መፍትሔው የራሱን መስመርና የራሱን አርሲዲ መስጠት ነው።

ፍሳሽ ሳይሆን ጭነት ሲሆን

ቁጥሩን ደምሩት። የ3 ኪሎዋት ማሞቂያ 13 አምፔር፣ ትልቁ ፓምፕ በከፍተኛ ፍጥነት 7 ወይም 8፣ ብሎወሩ 3 ወይም 4። አንድ ላይ ከ20 በላይ። ይሄ በ16 አምፔር ብሬከር ላይ አይሆንም፤ በ32 ላይ ግን ችግር የለውም። አምራቾች ይሄን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ብዙ ቦርዶች ላይ ትልቁ ፓምፕ ሲነሳ ማሞቂያው እንዲቆም የሚያደርግ ትንሽ ማስተካከያ አለ። ጃኩዚው ለ32 ተስተካክሎ መስመሩ 16 ከሆነ ብሬከሩ ጀት በተነሳ ቁጥር ትንሽ ይቆይና ይጥላል። መመሪያውን አንብቦ ማስተካከያውን መቀየር ይበቃል፤ የሚገዛ ዕቃ የለም።

ደምራችሁ ጭነቱ ልክ ከሆነ የላላ እስር ፈልጉ። ሽቦው ብሬከሩ ላይ የታሰረበት ብሎን በደንብ ካልጠበቀ መገናኛው ይግላል፣ ግለቱ ወደ ብሬከሩ ይገባል፣ ብሬከሩም የበዛ ጭነት መስሎት ይጥላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የሽቦው ፕላስቲክ ጫፉ ላይ ወደ ቡናማ ዞሯል ወይም ቀልጦ ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታም አለ። ይሄ ካለ ማጥበቅ ብቻውን አይበቃም፤ የተቃጠለው ጫፍ ተቆርጦ አዲስ ይታሰራል፣ ብሬከሩም አብሮ ይቀየራል። የብሬከሩ ሳጥን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ከሆነም ብሬከሩ ከተጻፈበት ቀደም ብሎ ይጥላል።

ብሬከሩ ራሱስ? ያረጃል፣ አዎ። ለዓመታት ውጭ እርጥበት ላይ የቆየ፣ ደጋግሞ የወደቀ ብሬከር ሊዳከም ይችላል። የማወቂያው መንገድ ወደ ጃኩዚው የሚሄደውን ሽቦ ከብሬከሩ ሙሉ በሙሉ መንቀል ነው። ምንም ሳይታሰርበት ከወደቀ ብሬከሩ ነው። ካልወደቀ ግን ለመቀየር አትቸኩሉ። ከቀየራችሁም በዚያው አምፔር ነው። ሽቦው ለ32 ተመርጦ ብሬከሩን 40 ማድረግ የሽቦውን ጠባቂ ማባረር ነው፣ እሳት የሚነሳውም እንደዚህ ነው። አርሲዲውን ዘሎ በቀጥታ መቀጠል ደግሞ እንኳን ሊሠራ ሊታሰብም አይገባም። በተራ ማራዘሚያ ገመድ ማብራትም እንዲሁ፤ ማሞቂያ ለሰዓታት ሲጎትትበት ስፒናው ይቀልጣል።

ባለሙያ ስትጠሩ «ይጥላል» ብቻ አትበሉት። ከተነሳ ስንት ጊዜ ቆይቶ እንደሚወድቅ፣ ያኔ ምን እየሠራ እንደነበር፣ ስክሪኑ ላይ የስህተት ኮድ ወጥቶ እንደሆነ፣ ዝናብ ነበረ ወይ፣ በቅርቡ ውሃ ተቀይሯል ወይ፣ ይሄን ንገሩት። ኮድ አውጥቶ በራሱ የቆመና ብሬከር የጣለ ጃኩዚ ችግራቸው ይለያያል፤ የቆሸሸ ፊልተር ለምሳሌ ውሃው እንዳይዞር አድርጎ ኮድ ያስወጣል እንጂ ብሬከር አይጥልም።

እስኪመጣ ድረስ ጃኩዚው ጠፍቶ ይቆይ። ውሃ በሚበርድበት ሳይሆን በረዶ በሚሆንበት ብርድ ውስጥ ከሆናችሁ ግን ለቀናት ዝም ብላችሁ አትተዉት፤ የማይዞር ውሃ ቱቦውና ፓምፑ ውስጥ በረዶ ሠርቶ ይሰነጥቃቸዋል፣ ስለዚህ ጥገናው ከዘገየ ውሃውን አፍስሱት። ከተጠገነ በኋላ የቴስት ቁልፉን ተጫኑ፣ ወዲያው መውደቅ አለበት፣ ካልወደቀ አርሲዲው አይሠራም ማለት ነው። ከዚያ መልሳችሁ አንሱትና ማንም ሳይገባ አንድ ሙሉ ቀን ይሙቅ፤ ማሞቂያውም፣ ጀቱም፣ ማጣሪያውም ተራቸው ደርሶ ይለፍ። በወር አንዴ ያችን ቁልፍ መጫን ልማድ አድርጉት።